የሙሌ ቅዳሜዎች

«ሙሉቀን ብርሃኔ ከአባቱ ከአቶ ብርሃኔ አለሙና ከእናቱ ከወይዘሮ ታንጉት…»

እሌኒ እዚህ ድረስ ትጽፍና እጇ ቀጥ ይላል። እስክሪብቶውን አራገፈችው፣ መዳፏ ላይ ጫር ጫር አድርጋ ሞከረችው፤ ደህና ይጽፋል። ወረቀቱን ጨመደደችና እግሯ ሥር ከተከመሩት ጭምድድ ወረቀቶች ጋር ቀላቀለችው። በርዷታል። ደባርቅ ለተወለደ ሰው ብርድ ብርቅ አይደለም፤ የዛሬው ግን ከውስጥ የሚመጣ ነበር፣ ጋቢ የማይመልሰው።

የተቀመጠችው ሙሌ ቤት፣ ጓዳ ውስጥ፣ የገብስ ጆንያ ላይ ነው። ከመጋረጃው ወዲያ ሴቶች ያለቅሳሉ። ግቢ ውስጥ የእድሩ ሰዎች ድንኳን ሲተክሉ ካስማው ሲመታ ይሰማል። ሙሌ፣ የዘጠነኛ ክፍሉ ሙሌ፣ ከኋላ ወንበር ሆኖ መምህር ሲያስመስል የሚውለው ሙሌ ሞቷል። ትናንት ቅዳሜ ማታ ከዳባት ሲመለስ የተሳፈረባት ሚኒባስ ተገለበጠች። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ቆስለው ተረፉ። እሱ አልተረፈም።

እሌኒ ይህንን ከንጋት ጀምራ ለራሷ ስትነግረው ቆይታለች፤ አልገባ ብሏታል። ዓርብ ዕለት ሲለያዩ «ሰኞ የሒሳቡን የቤት ሥራ ታስገለብጪኛለሽ፣ እንዳትረሺ» ነበር ያላት። ሰኞ ነገ ነው። የቤት ሥራው ቦርሳዋ ውስጥ ተሠርቶ ተቀምጧል። መርዶውን ስትሰማ መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብም ይኸው ነበር፤ ታዲያ ሰኞ ማንን ላስገልብጥ? ወዲያው በራሷ አፈረች። ሰው ሲደነግጥ የሚያስበው ነገር ለማንም የሚነገር አይደለም።

የሕይወት ታሪኩን እንድትጽፍ የታዘዘችው ጧት ነው። በዚህ እድር ማንም ሲሞት በቀብሩ ላይ የሚነበበውን ታሪክ የሚጽፉት የእድሩ ጸሐፊ አቶ ፍቅረ ሥላሴ ናቸው። ዛሬ ግን አንገታቸውን ነቀነቁ። «እኔ ለሽማግሌ ነው መጻፍ የማውቅ። ለዚህ ልጅ ምን ብዬ ልጻፍ? የክፍሉ ልጆች ይጻፉለት» አሉ። ያን ጊዜ ግቢ ውስጥ የቆመው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በሙሉ እንደ ተነጋገረ ሰው ዞሮ እሌኒን አያት። የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ላይ ጽሑፍ የምታነበው እሷ ናት፣ የአማርኛ መምህሩ ድርሰቷን ለሌላ ክፍል ሳይቀር እያነበቡ ያስቀኑባት እሷ ናት። እምቢ ማለት አማራት። ለቅሶ ቤት እምቢ አይባልም።

አቶ ፍቅረ ሥላሴ እንዳትቸገር ብለው አንድ የቆየ ጽሑፍ ሰጧት። ባለፈው ዓመት በእርጅና ያረፉት የአቶ ገዱ ታሪክ ነበር። «ይኸን እያየሽ ስሙንና ዓመቱን ብቻ ለውጪው» አሏት።

የሙሌ አባት ደግሞ አንድ አደራ ጨመሩባት። አቶ ብርሃኔ ለቱሪስቶች በቅሎ የሚያከራዩ፣ ጭነት ይዘው ተራራው ላይ ጊች ድረስ የሚወጡ ሰው ናቸው፤ ከቤት የሚውሉት ጥቂት ቀን ነው። ዛሬ ግን መሬት ላይ ቁጭ ብለው ቀና ብለው አዩዋት። ዓይናቸው ደርቋል።

«በትምህርት መንገድ ላይ እያለ ቀረ ብለሽ ጻፊልኝ፣ ልጄ። ሰው ሁሉ ሲያርፍ እሱ ቅዳሜን እንኳ አያርፍም ነበር በይልኝ። ዶክተር ሊሆንልኝ ነበር።»

እሌኒ ራሷን ነቀነቀች። ጣጣው የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

አባቱ ሙሌ ቅዳሜን ዳባት በቱቶሪያል፣ በማጠናከሪያ ትምህርት፣ የሚያሳልፍ ነበር የሚመስላቸው። ቱቶሪያል የሚባል ነገር አልነበረውም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአባቱ የትራንስፖርት እየተቀበለ የሚሄደው ያሕያ የሚባል ፀጉር አስተካካይ ዘንድ ነው። ሙያውን ሊማር። መጀመሪያ ወለል ይጠርግ ነበር፣ ከዚያ መቀስ ያዘ፣ አሁን አሁን ያሕያ ማሽኑን እየሰጠ ያሠራው ነበር። የክፍሉ ልጅ በሙሉ ያውቃል። አባቱና እናቱ ብቻ አያውቁም።

ይህም ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ባለፈው ወር አቶ ብርሃኔ ገበያ ላይ አግኝተዋት «የዳባቱ ቱቶሪያል እንዴት ነው? ይረባል?» ብለው ጠይቀዋት ነበር። ሙሌ ከኋላቸው ቆሞ ዓይኑን ሲያፈጥባት፣ ሲለማመጣት፣ ሲጣቀሳት አየች። «በጣም ጥሩ ነው ጋሽ ብርሃኔ» አለች። እሳቸውም ደስ ብሏቸው ሸንኮራ ገዝተው ሰጧት። ሙሌ ሸንኮራውን ግማሹን በላባትና «አንቺማ ጀግና ነሽ» አላት።

አሁን «በትምህርት መንገድ» ብላ ልትጽፍ ስትል ያ ሸንኮራ ጉሮሮዋ ላይ ይቆማል። ልትተወው ስትል ደግሞ የአባቱ ዓይን ይመጣባታል። እውነቱን ልትጽፍ ስትልማ እስክሪብቶውን ጭራሽ ታስቀምጠዋለች። ልጃቸውን ዛሬ የሚቀብሩ ሰው ናቸው።

መጋረጃው ተገለጠና ጣይባ ገባች። ጨርቅ ነጋዴ የሆኑት እናቷ ከሰፈሩ ሙስሊም እናቶች ጋር ዳቦ ይዘው መጥተዋል። ጣይባ ከእሌኒ ጋር አንድ ወንበር ላይ ነው የምትቀመጠው፤ ሙሌ ከኋላቸው ሆኖ ሁለቱንም ሲበጠብጣቸው ነው የኖረው። ዓይኗ አብጧል።

«ጨረስሽ?» አለቻት በሹክሹክታ።

«አልጀመርኩም።»

«እንዴ እሉ! ሰዓቱ እኮ እየሄደ ነው። አስከሬኑ ሊወጣ ነው እያሉ ነው።»

«አልመጣ አለኝ በቃ! ጭንቅላቴ ባዶ ነው። ሌላ ጊዜ ስለ ዛፍ ጻፊ ስባል እንኳ ሁለት ገጽ እሞላለሁ። ስለ ሙሌ አንድ መስመር አቃተኝ።» ድምጿ ተሰበረ። «ጣይባ፣ ለአባቱ ያኔ እውነቱን ብነግራቸው ኖሮ ትናንት አይሄድም ነበር።»

ጣይባ ቀሚሷን ሰብስባ ጆንያው ላይ አጠገቧ ተቀመጠች።

«እኔም እኮ አውቅ ነበር» አለች። «ሁላችንም እናውቅ ነበር። መኪናው ለቱቶሪያል የሚሄደውን መርጦ አያሳልፍም፣ እሉ። አትቃዢ።»

ውጭ የአንዲት አስለቃሽ ድምፅ ከፍ አለና ሌሎቹ ተቀበሏት። እሌኒ ጆሮዋን ያዘች። ከዚያ እንደ መናደድ አላትና የአቶ ገዱን ወረቀት ጉልበቷ ላይ ዘርግታ መገልበጥ ጀመረች። አላሰበችም። ዓይኗ ከዚያ ያነሣል፣ እጇ እዚህ ያስቀምጣል። ስም ቀየረች፣ ዓመት ቀየረች፣ ገጹ ሞላ። በመጨረሻ ወረቀቱን ለጣይባ ወረወረችላት።

«በቃ ይኸው። አንብቢው። አቶ ፍቅረ ሥላሴ እንዳሉት ነው የጻፍኩት።»

ጣይባ አፍንጫዋን ጠረገችና ቀስ ብላ ማንበብ ጀመረች። «ሙሉቀን ብርሃኔ… ተወልደው… በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ተከታትለው…» ቆመች፣ ቀጠለች። «በግብርና ሥራቸው የተመሰገኑ፣ በአካባቢያቸው የተጣላ የሚያስታርቁ… የልጅ ልጆቻቸውን ስመውና መርቀው ለመሰናበት የበቁ…»

ከወረቀቱ ቀና አለች።

«የማንን የልጅ ልጆች?» አለች ጣይባ።

እሌኒ ወረቀቱን ነጥቃ አየችው። የራሷ የእጅ ጽሑፍ ነው። የልጅ ልጆቻቸውን። ሙሌ! ያ ጢም አበቀልኩ እያለ አገጩን በመስተዋት ሲያይ የሚውለው ሙሌ! የተጣላ ያስታርቃል ተብሎ ተጽፎለታል፤ እሱ እኮ ሁለት ሰው ተጣልቶ ሲያይ ሦስተኛ ሆኖ የሚገባ ልጅ ነው።

ጣይባ አፏን በሻርፗ አፈነች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። እሌኒ የምታለቅስ መስሏት ልትይዛት ስትል ለካ ጣይባ እየሳቀች ነው። ሳቅ ደግሞ ተላላፊ ነው፤ እሌኒም ጥርሷን ነክሳ፣ አፍንጫዋን ይዛ፣ ጆንያው ላይ ተደፍታ ልታመልጠው ሞከረች። አላመለጠችውም። ፍርጥ ብሎ ወጣ፣ በለቅሶ ቤት፣ በጠራራ ፀሐይ።

«ሼም ነው፣ እሉ! አቁሚ!» ትላለች ጣይባ ራሷ እየሳቀች።

መጋረጃው ተገለጠ።

ወይዘሮ ታንጉት ነበሩ፤ የሙሌ እናት። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወገባቸውን ታጥቀዋል፣ ድምፃቸው ከመጮህ ብዛት ተዘግቷል። ትንሽ አረፍ እንዲሉ ወደ ጓዳ የላኳቸው ሴቶች ከኋላቸው ቆመዋል። ልጃገረዶቹ ቀጥ አሉ። እሌኒ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች፤ እናት ልጇ ሞቶባት ታለቅሳለች፣ የልጇ ጓደኞች እጓዳዋ ተቀምጠው ይስቃሉ።

«እትዬ ታንጉት… እኛ…»

ወይዘሮ ታንጉት እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ሴቶቹን መለሷቸው። መጋረጃውን ዘጉት። ከዚያ የጓዳውን ግድግዳ ተደግፈው ቀስ ብለው መሬት ተቀመጡ።

«ምንድነው ያሳቃችሁ?» አሉ። ቁጣ አልነበረውም። «ንገሩኝ እስቲ። ከትናንት ማታ ጀምሮ ሰው ሁሉ እላዬ ላይ ያለቅሳል። ስለ ልጄ ያወጋኝ ግን የለም።»

ጣይባ ናት የተናገረችው፤ አቀርቅራ፣ ከአቶ ገዱ የተገለበጠ መሆኑን አስረድታ መስመሩን አነበበችው። የልጅ ልጆቻቸውን ስመው።

የወይዘሮ ታንጉት አፍ ዳር ዳሩ ተንቀሳቀሰ። ፈገግታ ይሁን ለቅሶ አይለይም። «ቢሰማ» አሉ፣ «ቢሰማ ከአልጋው ተነሥቶ መንደር ለመንደር ያወራው ነበር።» ፊታቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «ሌላስ? ትምህርት ቤት ምን ያደርግ ነበር? እኔ እኮ ጧት ነው የማየው፣ ማታ ነው የማየው። ቀኑን የምታውቁት እናንተ ናችሁ።»

እሌኒና ጣይባ ተያዩ። ጣይባ ቅንጣት ታህል ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። እሌኒ ትንፋሿን ሳበች።

«እትዬ ታንጉት፣ ሙሌ ቅዳሜ ቅዳሜ ዳባት የሚሄደው… ለቱቶሪያል አልነበረም።»

ነገረቻቸው። ያሕያን፣ መቀሱን፣ ማሽኑን። ገበያ ላይ የዋሸችውንም አላስቀረችም። ወይዘሮ ታንጉት እያዩዋት አላዩዋትም። እሌኒ አሁን ይጮሃሉ፣ አሁን ደረታቸውን ይመታሉ ብላ ጠበቀች።

«በጉ!» አሉ ወይዘሮ ታንጉት ድንገት።

«ምን አሉ?»

«በጌን! ለፋሲካ ያሰብኩትን ሙክት! አንድ ቀን ከውጭ ስገባ አንድ ጎኑ ተሸልቶ አገኘሁት። አንድ ጎኑ ብቻ፣ ልክ በመስመር። የጎረቤቴን ልጅ ነው ብዬ ከእናቱ ጋር አፍ አውጥቼ ተጣላሁ። ሙሌ አጠገቤ ቆሞ ‹ጊዜው ከፋ እማዬ› እያለ ሲያጽናናኝ!» በሁለት እጃቸው ራሳቸውን ያዙ። «አንተ ሌባ! አንተ የእኔ ሌባ!»

ይህን ጊዜ አለቀሱ። ሲያለቅሱም ይስቁ ነበር። ሁለቱ ልጆች በግራና በቀኝ ሆነው ያዟቸው፤ ማን የማንን እንባ እንደሚጠርግ እንኳ አልታወቀም።

ከውጭ ሲጠሯቸው ተነሡ። መጋረጃው ጋ ሲደርሱ ዞር አሉ።

«አባቱ ግን ዶክተር ይሆናል እያለ ነው በየተራራው የሚወጣው። ሰኮና ሲከተል የሚውለው ለዚህ ነው። እኔ እንዲህ ነበር ብዬ የምነግርበት አንጀት የለኝም፣ ልጄ። አትንገሪው ብዬም አልከለክልሽም። አንቺ ታውቂያለሽ።»

ሄዱ። እሌኒ አዲስ ወረቀት አወጣች። «ሙሌ ዝም ማለት የማይችል ልጅ ነበር» ብላ ጻፈች። ከዚያ ሌላው መጣ። መምህር ሲያስመስል የተያዘበት ቀን መጣ፤ መምህሩ ራሳቸው በሩ ላይ ቆመው እስኪጨርስ የጠበቁት። በክረምት ጎርፍ ሲሞላ የትንንሾቹን ቦርሳ ተሸክሞ እያሻገረ፣ መልሶ «የማሻገሪያ» እያለ ቆሎ ሲቀበላቸው መጣ። በጉ መጣ። እጇ ሐሳቧን መከተል አቅቶት ፊደሉ ተንጋደደ። ጣይባ የተጨመደዱትን ወረቀቶች እየለቀመች በፌስታል ስትሰበስብ ቀና ብላ እንኳ አላየቻትም። ስለ ቅዳሜው ከጻፈች በኋላ ብቻ ቆማ ረጅም ጊዜ አየችው። አልሰረዘችውም።

ቤተ ክርስቲያን ሲደርሱ ፍትሐቱ ተጀምሯል። ካህናቱ ውስጥ ናቸው፤ ሕዝቡ ግቢው ውስጥ በየጥዱ ሥር ቆሟል። ነፋሱ ከሰሜን ተራሮች በኩል ይመጣል። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ዩኒፎርም ለብሰው በአንድ በኩል ተሰብስበዋል። አቶ ፍቅረ ሥላሴ ወደ እሌኒ ጠጋ ብለው «ፍትሐቱ ሲያበቃ እጠራሻለሁ። ድምፅሽን ከፍ አድርጊ» አሏት።

እሌኒ ወረቀቱን አጥፋ ዘረጋችው፣ ዘርግታ አጠፈችው። የቅዳሜው አንቀጽ መሐል ላይ ነው። ዘልላው ብታነብ ማንም አያውቅም፤ ከላይ ያለውና ከታች ያለው ይገጥማል፣ ሞክራዋለች። ሳትዘል ብታነበው ደግሞ አባቱ ይህን የሚሰሙት ሕዝብ መሐል ቆመው፣ አስከሬኑ ፊት ነው። ሁለቱም ደስ አላላትም። አንደኛው ያንኑ የገበያውን ውሸት መድገም ነው። ሌላኛው ሰውን በአደባባይ በጥፊ መምታት ነው።

አቶ ብርሃኔ ከግንቡ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ሁለት ሽማግሌዎች አሉ።

እሌኒ ወረቀቱን ለጣይባ ልትሰጣት አሰበች። ከዚያ ተወችና ሕዝቡን እየሰነጠቀች ሄደች። አቶ ብርሃኔ ፊት ስትደርስ በጉልበቷ ተቀመጠች።

«ጋሽ ብርሃኔ፣ ከማንበቤ በፊት እርስዎ ብቻዎን እንዲሰሙት ነው።»

ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ፈቀቅ አሉ።

«አደራ ያሉኝን አልጻፍኩም» አለች። «ሙሌ ዳባት ቱቶሪያል አልነበረውም። ፀጉር ማስተካከል ነው ይማር የነበረው። እኔ ገበያ ላይ ጠይቀውኝ ዋሽቼዎታለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

በአቶ ብርሃኔ ፊት ላይ ምንም አልተንቀሳቀሰም። እሌኒ የተናገረችውን ያልሰሙ መሰላትና ልትደግመው አፏን ከፈተች።

«ፀጉር?» አሉ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«የሰው ፀጉር?»

«አዎ።»

ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። በረጅሙ ተነፈሱ፣ ደግመው ተነፈሱ። ከውስጥ የካህናቱ ዜማ ይሰማል። እሌኒ ጉልበቷን ድንጋዩ ወጋት፤ ልትነሣ ግን አልደፈረችም። አሁን የሚሉትን ማንኛውንም ነገር ልትቀበል ተዘጋጅታ ነበር፣ ይህን ግን አልጠበቀችም።

«ይችልበት ነበር?» አሉ።

እሌኒ ደንግጣ አየቻቸው። «በጣም ጎበዝ ነበር» ማለት ቀላል ነው። አፏ ላይ ደርሶም ነበር።

«መጀመሪያ ላይ አይችልበትም ነበር» አለች። «ሰጠኝ የሚባል የክፍላችን ልጅ አለ፤ የእሱን ራስ እንዳልነበረ አድርጎት ልጁ ወር ሙሉ በኮፍያ ነው የተማረው። ኮፍያ አውልቅ እየተባለ ከክፍል ይባረር ነበር። በኋላ ግን… በኋላ ወረፋ ይያዝለት ነበር። ሰጠኝ ራሱ ተመልሶ መጥቶ ተሰለፈ።»

አቶ ብርሃኔ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ትከሻቸው ሁለቴ ተነሣና ወረደ።

«ይኸ የልጁ ነገር፣ የኮፍያው» አሉ ጋቢውን ከአፋቸው አውርደው፣ ድምፃቸው ሻክሮ። «ወረቀቱ ላይ አለ?»

«የለም። አልጻፍኩትም።»

ከተቀመጡበት ድንጋይ ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁላት።

«ተቀመጭ» አሉ። «ጨምሪው።»

እሌኒ አጠገባቸው ተቀመጠች። ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘረጋችና እስክሪብቶዋን አወጣች። ነፋሱ ጫፉን ሲያነሣው አቶ ብርሃኔ በአውራ ጣታቸው ያዙላት። የቤተ ክርስቲያኑ በር ተከፍቶ አስከሬኑ ሲወጣ፣ አቶ ፍቅረ ሥላሴም ስሟን ሲጠሩ፣ ገና እየጻፈች ነበር።